የቀፎአችንን ጠላቶች ለይተን እንወቅ



 ይህን ንግግር በሬዲዮ ሰምታችሁ፣ አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ ታነቡታላችሁ። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። አንድ ቃል ከከበዳችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ቀን ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ እንደ እናንተ ፊደል ከሚቆጥሩ ጎልማሶች ጋር እቀመጣለሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ንብ ነው። ማር እንዴት እንደሚቆረጥ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ማሩን ከእኛ ቀድመው ስለሚያበላሹ፣ ንቦቹንም ከቀፎ ስለሚያስኮበልሉ ጥቃቅን ጠላቶች ነው። ይህን ርእስ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችን የደረሰ ነገር አለ። ከዚያ ልጀምር።

በአባቴ ጓሮ የሆነው

አባቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበሩ። ከቤታችን ጣራ ክፈፍ ሥር አምስት ቀፎ ነበራቸው። ቀፎዎቹን ከቀርከሃ ሠርተው በእበትና በጭቃ የመረጉአቸው ራሳቸው ናቸው። ማሩ የሚቆረጠው በኅዳር ወር ነበር። ከማሩ ሽያጭ የእኔ ደብተር፣ የእኅቶቼም ልብስ ይገዛ ነበር። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስሄድ የተሳፈርኩበት ገንዘብ እንኳ የማር ገንዘብ ነው።

በተቋሙ ስማር አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤት መጣሁ። ጓሮው ጸጥ ብሏል። ከቀፎዎቹ ሥር የሞቱ ንቦች እንደ ተደፋ ጤፍ ተከምረዋል። ከአምስቱ ቀፎ ሦስቱ ባዶ ሆነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ አባቴ አንዱን ቀፎ ከፍተው ሲያዩ ውስጡ ድር ነበረበት። በድሩ ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። አባቴ ተናደዱ። ከጎተራው አጠገብ ለእህል ነቀዝ ተብሎ የተገዛ ነጭ ዱቄት ነበር። ማታ ንቦቹ ሲገቡ ዱቄቱን በቀፎው ውስጥ በተኑት። ትሉ ሞተ። ንቦቹም አብረው ሞቱ። በዚህ አላበቃም። የጎረቤት ቀፎ ንቦች ጠባቂ የሌለውን ማር ሊዘርፉ ገቡ። ማሩ ግን ዱቄት ነክቶታል። እነርሱም መርዙን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሁለት ቀፎ ደግሞ በዚህ አለቀ።

አባቴ፣ «ትሉን ልገድል ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። «ዱቄቱ ለነቀዝ ደኅና ነበር።»

እናቴ ባዶውን ከረጢት አምጥተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ እስቲ ይኼ ጽሑፍ ምን ይላል?» አሉ። አነበብኩላቸው። ከብዙ መስመር መካከል አንዱ መስመር ለንብ መርዝ መሆኑን ይናገራል።

አባቴ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ፣ «ታዲያ ይህ ቃል እዚሁ ቤታችን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው?» አሉ።

አዎን፣ ተቀምጦ ነበር። የሚያነበው ሰው ግን በቤት አልነበረም። እኔ እስከ ዛሬ ይህን ጥያቄ አልረሳሁትም። በዚያ ዓመት ማር አልተሸጠም። ያንን ቀፎ ለማዳን ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ቢላዋና ጥቂት ጢስ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ንብና የንብ ጠላት በአንድ ቤት ይኖራሉ። ሁለቱም ነፍሳት ናቸው። አንዱን የሚገድል መርዝ ሌላውንም ይገድላል። ስለዚህ በቀፎ ውስጥ መርዝ አይገባም። ጠላትን መለየት፣ መንገዱን መዝጋት፣ ንቦቹንም ማበርታት ይሻላል።

ትል ሁሉ ጠላት አይደለም

ቀፎ ስትከፍቱ ነጭ ነገር ካያችሁ ቶሎ አትቁረጡ። መጀመሪያ ልብ ብላችሁ እዩ። የንብ ልጅም ነጭ ትል ይመስላል። እጭ ይባላል። አንዳንድ ሰው ትል መስሎት እጩን ከነቤቱ ቆርጦ ይጥላል። ይህ የራስን ልጅ አውጥቶ እንደ መጣል ነው።

እጩ ከምን ይታወቃል? እያንዳንዱ እጭ በራሱ ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። አይሮጥም። ድር አይሠራም። አውራዋ እንቁላል ትጥላለች። አውራ ብንላትም እርሷ እናት ናት። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ መዳፍ የሚያህል እጭ ብትቆርጡ በመጪዎቹ ሳምንታት ለሥራ የሚወጡ ብዙ ንቦችን አጠፋችሁ ማለት ነው።

ጠላት የሆነው ትል ግን ይሄዳል። ከክፍል ወደ ክፍል እየበሳ ያልፋል። ከኋላው ድር ወይም ዝቃጭ ይተዋል። ልዩነቱ ይህ ነው።

አንደኛው ጠላት፦ የሰም ብል

ማታ መብራት ላይ የምትዞረውን የእሳት እራት ታውቋት የለም? የሰም ብል የእርሷ ዘመድ ናት። ቀለሟ አመድማ ነው። ሲመሽ ሹልክ ብላ ወደ ቀፎ ትገባለች። በስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል የማር እንጀራውን እየበሳ ይበላል። ድሩንም ይዘረጋል። ሲያድግ ቁመቱ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ይህ ትል ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ያረጀና የጠቆረ የማር እንጀራ ነው። ለምን ቢባል፣ በአሮጌው እንጀራ ውስጥ እጮቹ ያወለቁት ቆዳና ንቦች ያስቀመጡት የአበባ ዱቄት ስላለ ነው። ለትሉ ምግብ የሚሆነው ይህ ነው። ንቦቹ ብዙ ከሆኑ ትሉን ጎትተው ወደ ውጭ ይጥሉታል። ጥቂት ከሆኑ ግን አይችሉትም። በመጨረሻ ቀፎውን ጥለው ይኮበልላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወደ ማታ ገደማ ፊታችሁንና እጃችሁን ሸፍኑ። ሕፃናትንና ከብቶችን አርቁ። ኩበት አጢሳችሁ ቀፎውን ከኋላ በኩል ክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ድር ያለበትን እንጀራ ብቻ ቁረጡ። ጤነኛ እጭ ያለበትን አትንኩ። አውራዋ በቆረጣችሁት ላይ እንዳትሆን ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ የቆረጣችሁትን ከቀፎው ሥር አትጣሉ። ከጣላችሁት ትሉ አድጎ ክንፍ ያወጣል። ተመልሶም ይመጣል። ትሉን ለዶሮ ስጡ። ሰሙን ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አቅልጡት። ሰም 64 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ይቀልጣል። በፈላ ውኃ ውስጥ ትሉም እንቁላሉም ያልቃል። ሰሙ ግን አይጠፋም። ተጣርቶ ይሸጣል።

አራተኛ፣ የቀፎውን ስንጥቅ ሁሉ በእበትና በጭቃ ምረጉ። መግቢያውን አጥብቡ። መግቢያው ጠባብ ከሆነ ጥቂት ዘበኛ ይበቃዋል።

አምስተኛ፣ ንቦቹ ጥቂት ከሆኑ ባዶውን ቦታ ቀንሱ። የኋላ ክዳኑ የሚገፋ ዓይነት ከሆነ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። ንቦቹ ሊጠብቁት የማይችሉት ሰፊ ቤት ለጠላት ይመቻል።

ንብ እንዲገባባቸው የተሰቀሉ ባዶ ቀፎዎችንም አትርሱ። አሮጌ ሰፈፍ ካለባቸው የብል ማራቢያ ይሆናሉ። ፍቃችሁ አጽዱና አጥኑአቸው።

ሁለተኛው ጠላት፦ ጉንዳን

ጉንዳንን የማያውቅ የለም። ጥቃቅኑ ጉንዳን ማር ይሰርቃል። ንቦቹንም እረፍት ይነሣል። ገብረ ጉንዳን ግን ከዚህ የከፋ ነው። ሰልፍ ሠርቶ ሌሊት ይመጣል። እጩን፣ ንቡን፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ማታ ደኅና የነበረ ቀፎ ጧት ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለጉንዳን መድኃኒቱ መንገዱን መቁረጥ ነው። ጉንዳን አይበርም። በእግሩ ይመጣል። እንግዲህ መንገዶቹን እንቁጠር።

ቀፎው በቆጥ ላይ ከሆነ የቆጡ እግሮች መንገድ ናቸው። እያንዳንዱን እግር በጣሳ ውስጥ አቁሙት። ጣሳው ውስጥ ውኃ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ጨምሩ። ንብ እንዳይወድቅበት ከላይ በቆርቆሮ ከልሉት። ዘይቱ ቀፎውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ውኃ ከሆነ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጊዜው ጨምሩበት።

ቀፎው ከተንጠለጠለ ሽቦው መንገድ ነው። ሽቦውን ግራሶ ቀቡት።

በቀፎው ዙሪያ ያለው ሣር መንገድ ነው። አንድ ረዥም ሣር ቀፎውን ከነካ ለጉንዳን ድልድይ ሆነው ማለት ነው። እጨዱት። የዛፍ ቅርንጫፍም ከነካ ቁረጡት።

ከዚህ በኋላ ደረቅ አመድ በዙሪያው ነስንሱ። ጉንዳን በደረቅ አመድ ላይ መሄድ አይወድም። ዝናብ ሲዘንብ ግን አመዱ ይታጠባል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ እንደገና ነስንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ነስንሶ ለዓመት የሚበቃ ይመስለዋል። አይበቃም!

ገብረ ጉንዳን ቀፎው ላይ ከወጣ ደግሞ ጊዜ አታጥፉ። እያጤሳችሁ ቀፎውን አንሥታችሁ ወደ ሌላ ቦታ አርቁት። እሳት ይዛችሁ ወደ ሣር ቤት አትጠጉ። ቀፎ አድናለሁ ብሎ ቤቱን ያቃጠለ ምን ይባላል?

ሦስተኛው ጠላት፦ የቀፎ ጥንዚዛ

ይህ ጥንዚዛ ትንሽ ነው። ቁመቱ የስንዴ ፍሬ ያህል ነው። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት ነው። ቀፎ ሲከፈት ከብርሃን ሸሽቶ ወደ ጥግ ይሮጣል።

ትልቁ ጥንዚዛ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ጉዳቱ ከልጆቹ ነው። ትሎቹ በማር እንጀራው ውስጥ ሲሄዱ ማሩ ይቦካል። ይዝረበረባል። እንደ በሰበሰ ብርቱካን ይሸታል። ድር ግን አይሠሩም። ድር ካያችሁ ብል ነው። ዝቃጭና ሽታ ካገኛችሁ የጥንዚዛ ትል ነው።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ጥንዚዛ የትውልድ አገሩ የእኛው አፍሪካ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ከውቅያኖስ ማዶ በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ በተባለው ግዛት መኖሩ ታወቀ። እዚያ ብዙ ቀፎ አጠፋ። የአሜሪካ ንብ አርቢዎች የሚይዙት ዘሩ ከአውሮፓ የሄደ ንብ ነው። ያ ንብ ይህን ጥንዚዛ አያውቀውም ነበር። የአፍሪካ ንብ ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጥንዚዛውን እያባረረ ጥግ ያስይዘዋል። በሙጫም ዙሪያውን አጥሮ እንደ እስረኛ ይጠብቀዋል። የእኛ ንብ ዘዴ አለው ማለት ነው። ዘዴውን የሚሠራበት ግን ብዛት ያስፈልገዋል። ጥቂት ንብ እስር ቤት ሊጠብቅ አይችልም።

ከእኛ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። የተጨፈለቀ እንጀራና የሞተ ንብ በቀፎ ውስጥና ዙሪያ አትተዉ። የቆረጣችሁትን ማር ሳታሳድሩ አጣሩ፤ ክዳን ባለው ዕቃም አስቀምጡ። ከቀፎው ሥር ያለውን መሬት ጠቅጥቃችሁ ደረቅ አድርጉ። የጥንዚዛው ትል ክንፍ ለማውጣት ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። መሬቱ እርጥብና ልል ከሆነ ይመቸዋል። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ይቸግረዋል።

ሌሎችስ?

ሌሎችም አሉ። ሸረሪት በመግቢያው ላይ ድር ይሠራል። በእንጨት ጥረጉት። እንሽላሊት መግቢያው አጠገብ አድፍጦ ንብ ይለቅማል። ቀፎውን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። መዳፉ ብርቱ የሆነ፣ ሌሊት እየመጣ ቀፎ የሚሰብር ማር በላ አውሬም አለ። ለእርሱ እሾህና ጠንካራ አጥር ያስፈልጋል።

በንብ ጀርባ ላይ የምትቀመጥ ቀይማ ነገርም ታያላችሁ። የንብ ቅማል ትባላለች። የመርፌ ራስ ታክላለች። ብዙ ጉዳት የላትም። ስለ እርሷ ብላችሁ ቀፎ አትበጥብጡ። ያያችሁትን ሁሉ ለማጥፋት መሯሯጥ ራሱ ንቦቹን ያስኮበልላል።

ዋናው መከላከያ ብርቱ ቀፎ ነው

ውድ አንባቢዎች፤ ልብ ብላችሁ ከሆነ ስለ ሁሉም ጠላት ስናገር አንድ ቃል ደጋግሜአለሁ። ንቦቹ ብዙ ከሆኑ፣ ቀፎው ብርቱ ከሆነ ብያለሁ። የነገሩ ሥር ይህ ነው። ጠላት የሚያሸንፈው የደከመውን ቀፎ ነው።

ቀፎ የሚደክመው መቼ ነው? አበባ ሲጠፋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ንቦቹን ከቤት ያውላቸዋል። በረዥሙ በጋም አበባ ይደርቃል። በእነዚህ ጊዜያት ንብ ይራባል። ስለዚህ ማር ስትቆርጡ ሁሉንም አትውሰዱ። ለባለቤቶቹ ስንቅ ተዉላቸው። ችግር ከጠናም ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ፣ ወይም አባቶቻችን ያደርጉት እንደ ነበረው በሶና ሽሮ አቅርቡላቸው። ውኃም አጠገባቸው አድርጉ።

ለሰብል መድኃኒት የሚረጭ ሰው በአካባቢያችሁ ካለ ደግሞ ተነጋገሩ። ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ እንዳይረጭ ለምኑት። ግድ ከሆነበት ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ይርጭ። መርዝ የነካው ማር ግን አይበላም፣ አይሸጥም።

ደብተራችሁን ለቀፎአችሁ

አሁን ወደ መጨረሻው ደርሰናል። ማንበብና መጻፍ ከንብ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እኔ በጣም ተገናኝቷል እላለሁ።

ለቀፎዎቻችሁ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን በከሰል ጻፉበት። በየሳምንቱ አንድ ቀን ከውጭ ተመልከቱ። ያያችሁትን በአንድ መስመር ጻፉ። እንዲህ፦

ጥቅምት 3። ቀፎ 1፣ ደኅና ነው። ሣር አጨድኩ።

ጥቅምት 10። ቀፎ 2፣ ጉንዳን አየሁ። አመድ ነሰነስኩ።

ጥቅምት 17። ቀፎ 2፣ ጉንዳን የለም።

ይኸው ነው። ረዥም ጽሑፍ አያስፈልግም። ዓመት ሲሞላ ግን ገልጣችሁ ስታነቡ ጉንዳን የሚመጣው በየትኛው ወር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በሚመጣው ዓመት ከጉንዳኑ ቀድማችሁ ትጠብቁታላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛም፣ በቤታችሁ ያለውን ከረጢት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሁሉ አውጥታችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ፊደሉ ከደቀቀባችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ያልገባችሁን የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። ጽሑፍ የሌለበትን ዱቄት አትጠቀሙ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ፊደል ቆጠሩ። ከቀሩት ሁለት ቀፎዎች ተነሥተው እንደገና አራት አደረሱ። ደብተራቸው እኔ ዘንድ አለ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ድር አገኘሁ። በቢላዋ ቆረጥኩ። ንቡ ደኅና ነው።»

እናንተም እንዲህ ለመጻፍ ያብቃችሁ። ደኅና ሰንብቱ።

መልመጃ

1. የንብ እጭና የሰም ብል ትል በምን ይለያያሉ?

2. ወደ ቀፎአችሁ የሚወስዱ የጉንዳን መንገዶች ስንት ናቸው? ወጥታችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩን ጻፉ።

3. በቤታችሁ ካለ አንድ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለቤተ ሰባችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።